ለአርባ ቀን አይሸፈን

የበደለችኝ የደብራችን የእናቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። የበደለችኝም ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስሟን አልጽፍም። ካምፓላ ያለን አበሾች እንተዋወቃለን፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃት ደግሞ ባያውቃት አይቀርበትም።

ያለችው ይህን ነው፦ «እጇ ንጹሕ ሳይሆን ነክታት ነው።»

የነካሁት የእመቤታችንን ሥዕል ነው። ሴት አንባቢ የቃሉን ትርጉም ታውቃለች፤ ለወንዶቹም ማብራራት አያስፈልግም። ያን ጊዜ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የወር አበባ ካየሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ይህን ግን በቅዳሴ መሀል ቆሜ ለማን ልናገር?

ሥራዬ ሲጠየቅ ለማስረዳት ያስቸግረኛል። ሠዓሊ አይደለሁም። ሠዓሊው ጨርሶ ፊርማውን ካኖረ በኋላ የምመጣ ሰው ነኝ። ሥዕል አለቀ ሲባል አላለቀም፤ አቧራ፣ ጭስ፣ የእጅ ወዝ፣ የዝንብ ኩስ ይጠብቁታል። ከእነዚህ የሚከላከልለትን ስስ ልባስ፣ ቫርኒሹን፣ የምቀባው እኔ ነኝ። ጥሩ የተቀባ ቫርኒሽ አይታይም። የሚታየው ሲበላሽ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ስሜ የሚነሳው ሰው ሲያማኝ ብቻ ነው።

የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ከአንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ዘንድ ነው። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራውን ዳማር የሚባል ቫርኒሽ በሰፊ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬደዋል። ሲጨርስ፣ «ሳምንት ተዪው። ከሳምንት በኋላ የፈለገ ይንካው» ይለኛል። ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ በሳምንት ያልደረቀ አላየሁም፤ በበጋማ አራት ቀንም ይበቃዋል። ሌላም ልማድ ከእሱ ወስጃለሁ። ከሥዕሉ ጀርባ፣ ሸራው በተወጠረበት ጣውላ ላይ፣ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ምን እንደተቀባ፣ መቼ እንደተቀባ፣ ለስንት ቀን መሸፈን እንደሌለበት። ከእኛ በኋላ ሥዕሉ እጁ ለሚገባ ሰው የሚቀር ቃል ነው። እኔም ያልጻፍኩበት ሥዕል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ካምፓላ ለምን እንደመጣሁ የራሴ ጉዳይ ነው። ስመጣ ግን የተቀበለችኝ ሊቀመንበሯ ናት፤ ይህን የምጽፈው ውለታዋን እንደማልክድ እንዲታወቅ ነው። ቡጎሎቢ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ እንኖር ነበር። ገበያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። የትኛው ታክሲ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ቀሚስ የለበሰች ሴት በጎን እንደምትቀመጥ፣ ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ በምን ወጥ ሲበላ እንደሚጥም ያሳየችኝ እሷ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ እቴ ትለኛለች።

በመጣሁ በስድስተኛው ወር የእመቤታችን ሥዕል፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ከአዲስ አበባ ተጠቅልሎ መጣ። በዘይት ቀለም የተሣለ ነው፤ ከተሣለ ዓመት ስላለፈው ቀለሙ ሆዱ ድረስ ደርቋል። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ፣ «ልጄ፣ ሙያው ያንቺ ነው፤ ወጥሪና ቅቢልን» አሉኝ። ደብራችን ያኔ የራሱ ሕንጻ አልነበረውም። የተከራየ አዳራሽ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ። ሲዘንብ የቀዳሹ ድምፅ አይሰማም፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ውስጡ ሰው ያፍናል። በጎኑ ባለች ጠባብ ክፍል ወጠርኳት፣ ቀባኋት፣ በጀርባዋ ጻፍኩ። የኅዳር ዝናብ በየቀኑ ይወርድ ነበር።

ሊቀመንበሯ ልጇ በምጥ ስትጨነቅ ለእመቤታችን መጋረጃ ተስላ ነበር። ልጅቷ በሰላም ተገላገለች። መጋረጃው ቀይ ከፋይ ነው፤ ዳር ዳሩ የወርቅ ዘርፍ አለው። ሥዕለ አድኅኖ ያለ መጋረጃ አይቆምም፤ በጸሎት ጊዜ ይገለጣል፣ ሌላ ጊዜ ይሸፈናል። ስለዚህ መጋረጃ መግባቱ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነበር። ብሩሼን ሳላጥብ መጣች።

«እቴ፣ ስለቴን መቼ ላግባ?»

«ቫርኒሹ ይድረቅ እንጂ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ቀን ስጪኝ። እኔ ቀን ካልቆረጡልኝ እንቅልፍ የለኝም።»

ቀን ሰጠኋት። በጣውላው ላይ የጻፍኩትም እሱኑ ነው።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው እስከ ግቢው በር ቆሟል። ዲያቆኑ መጋረጃውን ሊገልጥ ገመዱን ሳበ። አልመጣለትም። ዞር ብሎ አባን አየና እንደገና ሳበ። ከፋዩ ከላይ በምስማር ተመትቶ በሥዕሉ ላይ ተኝቷል፤ ሌሊቱን በእርጥበት፣ ቀኑን በቆርቆሮው ሙቀት ተጣብቋል። በሦስተኛው ጊዜ ሲስበው የቁስል ፕላስተር ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። እኔ ያን ድምፅ ከሁሉ ቀድሜ አውቄዋለሁ።

ከፋዩ ተነሳ፤ ጠጉሩን ግን ትቶ ነበር። በእመቤታችን ጉንጭና ትከሻ ላይ ቀይ ጠጉር በቅሎ ታየ። ከልጇ ጣት ላይ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀለም ተነቅላ መጋረጃው ላይ ቀርታለች። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ቀዩን ሲያዩ ተአምር መስሏቸው እልል አሉ። ከፊት ያሉት አለቀሱ። ለጥቂት ጊዜ አዳራሹ ግማሹ በእልልታ፣ ግማሹ በልቅሶ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ማነው እንዲህ በጥድፊያ የሰቀለው?» አለ።

ሊቀመንበሯ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። ስለቷ ነው በሰው ፊት የተዋረደው፤ እሱ ይገባኛል። «እኔ የተሰጠኝን ቀን ቆጥሬ ነው የሰቀልኩት» አለች። «የኔ ጨርቅ ምን አጠፋ? እጇ ንጹሕ ሳይሆን ነክታት ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባ ዓይናቸውን ወደ መጽሐፉ መለሱ። ወጣሁ። ጫማዬን በር ላይ ካለው ክምር ውስጥ ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከንግግሩ ይልቅ ያ ነው፤ ጎንበስ ብዬ፣ እያዩኝ፣ ጫማ መፈለጌ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። በወሩ ከቡጎሎቢ ወደ ንቲንዳ ተዛወርኩ። ንቲንዳ ሁለት ቤት ቀያየርኩ፤ በሱፐርማርኬቱ ወረፋ ላይ አበሻ ሴት ባየሁ ቁጥር ቅርጫቴን ጥዬ እወጣ ነበር። በመጨረሻ ሙቱንጎ፣ ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት ኮረብታ ላይ፣ ጓሮ ያላት ትንሽ ቤት አገኘሁ። እዚህም ቢሆን ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልተውኩም፤ ግን ከግቢው በር አላልፍም። አጥር ተደግፌ አስቀድሳለሁ፣ ሰው ሳይወጣ እሄዳለሁ።

አበሻ ሥራ አላመጣልኝም። ያመጡልኝ የአገሩ ሠዓሊዎች ናቸው። ጃጃ ይሉኛል፤ አያት ማለታቸው ነው። ሲጀምሩ ቅር ይለኝ ነበር፤ አሁን ዕድሜዬም ደርሶበታል። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዲያብረቀርቅ። ሁሉም የሚቸኩለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ገዢው ነገ ይበራል።

አንዱ በአክሪሊክ፣ በውሃ በሚቀጥን የፋብሪካ ቀለም፣ የሠራውን ይዞ ይመጣል። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል ግን ቀዳዳ አለው፤ ቫርኒሹን በቀጥታ ካለበስኩት ይጠጣዋል፣ ነገ ሌላ ሰው ሊያነሳው ሲሞክር ቀለሙም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለይ አንድ ስስ ንጣፍ፣ ከዚያ ቫርኒሹ። ሌላው የውሃ ቀለም ያመጣል። የውሃ ቀለም ቫርኒሽ አይቀባም፤ መስታወት ነው የሚገባው፣ መስታወቱም ወረቀቱን ሳይነካ። «ሌላው ሰው ይቀባልኛል» ይለኛል። «ሂድ ይቀባልህ» እለዋለሁ። ተመልሶ ሲመጣ የሣለው ሰማይ ጠይሟል። በፓስቴል፣ ጠመኔ በሚመስል ቀለም፣ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ የእሷ ሥራ እንደ ዱቄት ነው፣ እፍ ቢሉት ይሄዳል። ማጣበቂያውን ከራቅ አድርጌ፣ በስሱ፣ ሦስት ጊዜ እረጫለሁ። በረጨሁ ቁጥር ቢጫዋ ትንሽ ይደበዝዛል፤ እሷም በረጨሁ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ከሁሉ የሚያስቸግረው እዚህ አገር ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራው ቡናማ ጨርቅ ነው። ሠዓሊዎቹ ይወዱታል። ቫርኒሽ ሲነካው ግን እንደ ጠማው ሰው ይጠጣና እንደ ረጠበ ቆዳ ይጠቁራል። መጀመሪያ በስስ ሙጫ አፉን መዝጋት አለብኝ። ይህን የነገረኝ የለም፤ አንድ ሥራ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ባለቤቱ ግን ከሰው ፊት አላቆመኝም። «ጃጃ፣ ሌላ እሣላለሁ» ብሎ ሄደ።

የሙቱንጎን አየር የተማርኩትም እንዲሁ ነው። ዝናብ ሲሆን የቀባሁት ቫርኒሽ በላዩ ነጭ ጉም ያወጣል። አንዳንድ ጠዋት የሐይቁ ዝንቦች እንደ ጭስ ተነስተው ወደ ኮረብታው ይመጣሉ፤ እርጥብ ቫርኒሽ ካገኙ ላዩ ላይ ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ የአሣ አጥማጆች ሥዕል ላይ በወስፌ ጫፍ ዝንብ ስለቅም ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ የአልጋ አጎበር በአራት እንጨት ላይ ወጥሬ ሥዕሉን ከሥሩ አስተኛለሁ። እየተነሳሁ በጣቴ ጀርባ እነካዋለሁ። ተቀምጬ መጠበቅ አልችልም። በአሥረኛው ቀን ጣቴ ላይ ይጣበቃል፣ በሃያኛውም ይጣበቃል። በሐይቅ ዳር አገር፣ በዝናብ ወራት፣ ዳማር አርባ ቀን ይፈልጋል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ፣ ከበደሉ ሁለት ዓመት አልፎ፣ አባ ዘንድ ሄድኩ። ከግቢው በር አስጠራኋቸው።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ያዙሯት። ከጀርባዋ ጽፌያለሁ። ለአርባ ቀን አይሸፈን ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ልጄ፣ እመቤታችንን በፊቷ እንድደፋት ነው የምትጠይቂኝ?»

«አይድፏት። ከግድግዳው ትንሽ ያርቋትና በመስተዋት ይዩት።»

«መስተዋት ይዤ ከሥዕሉ ጀርባ ስገባ ምእመኑ ቢያገኘኝ ምን ይላል?» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ይቅር በያትና ይብቃሽ» አሉኝ።

«ይቅር የሚባለው ማን እንደበደለ ሲታወቅ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አርባ ቀን ብያታለሁ እያልኩ ኖርኩ። ለታክሲ ረዳት ሳይቀር ነግሬያለሁ፤ አልገባውም እንጂ።

ባለፈው ጥር፣ ደረቅ ወር ነው፣ ጓሮ ሆኜ ብሩሽ ሳጥብ ቦዳ ደጄ ላይ ቆመ። ከኋላው በጎን የተቀመጠች አሮጊት ወረደች። ሰባ አምስት ሳይሆናት አይቀርም። ከዘራ ይዛለች፤ መነጽሯ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍሯል። ድምጿን እስክሰማ አላወቅኋትም።

«ቤትሽ ይሸታል» አለች።

«ቫርኒሽ ነው።»

«አውቀዋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍንጫዬ ላይ ነው።»

ግቢ አላልኳትም፤ እሷም ግቢ እስክትባል አልጠበቀችም። በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። እንደነገረችኝ ደብሩ የራሱን ሕንጻ ጨርሷል፤ ከፋሲካ በኋላ ይገባሉ። ሥዕሏን ግን እንዲያ ሆና ማስገባት አልፈለጉም። ሌላ ሙያተኛ ጠይቀው ነበር፤ አይቶ፣ ይህን ያበላሸው ሰው ያስተካክለው ብሎ ሄደ።

«እኔ ነኝ ላምጣት ያልኩት» አለች። «አባም ፈቅደዋል። እንድታጸጃት ነው። ዓይኔ ሳይጠፋ ፊቷን ልያት።»

«አጸዳታለሁ። አንድ ነገር ግን አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«የምትገባበት ቀን አባ ጀርባዋን ያንብቡ። ጮክ ብለው፣ በሰው ፊት። አርባ ቀን ማለቴ ይሰማ። ከዚያ አንቺ ቆመሽ ያልሽውን ትመልሺያለሽ።» እትዬ ማለቱን ከዚያ ቀን በኋላ ትቼዋለሁ።

ከዘራዋን በሁለት እጇ ያዘች። «አርባ ብትይኝ ኖሮ ስለቴን ለአስተርእዮ ማርያም አላዞረውም ነበር? ለእመቤታችን ቀን ይጠፋል? ሰባት ነው ያልሽኝ። ሰባቱን ቆጥሬ በስምንተኛው ሰቀልኩ።»

«አርባ ነው ያልኩት።»

«እሺ። ይነበብ። አርባ ካለ ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ስለ እጅሽ የተናገርኩትንም ጭምር። ሰባት ካለስ?»

«አይልም።»

«ካለስ እቴ?»

«እኔ እቆማለሁ» አልኩ።

«በቃ» ብላ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ጫማሽን ስትፈልጊ አይቼሻለሁ። ላቀብልሽ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ።» ቦዳው ላይ ለመውጣት ክንዷን ያዝኩላት፤ ካልያዝኳት ትወድቅ ነበር።

ሥዕሏ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በፒክአፕ መጣች። ያመጧት ሰዎች ከሄዱ በኋላ በሩን ዘጋሁ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ አንሶላ በሁለት ዕጥፍ አነጠፍኩ፤ አማተብኩ፤ አዞርኳት። ጣውላው በአቧራ ተሸፍኗል። በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁት። ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ዘንበል ያለ፣ እርሳሱ ጠንካራ። የቫርኒሹ ስም አለ፤ ቀኑ አለ። ቀጥሎ፦ ለሰባት ቀን አይሸፈን።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሐይቁን አየሁ። ተመልሼ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። የታጠበ ማሰሮ እንደገና አጠብኩ። ከዚያ በሩን ሳልቆልፍ ወጥቼ ከኮረብታው ግርጌ እስካለችው ሉዚራ በእግሬ ወረድኩ፤ እዚያ የምሠራው ነገር ስላልነበረኝ ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። ጽሕፈቱ አልተለወጠም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ሦስት ቀን አልፈጀብኝም። ያን ጊዜ ካምፓላ ከመጣሁ ገና ስድስት ወር ነበር። አየሩን አላውቀውም፤ የማውቀው የሽማግሌውን ሳምንት ነው። እጄ የለመደውን ጻፈ፤ አፌም የለመደውን ተናገረ። አርባ ቀን እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ እዚሁ ኮረብታ ላይ፣ ዝንብ ስለቅም ነው። ያወቅሁትን ወደ ኋላ ወስጄ በዚያች ቀን አፌ ውስጥ አኖርኩት፤ ደጋግሜ ስናገረውም ያየሁት ያህል ሆነ። ሴትዮዋ የተሰጣትን ቆጥራለች። አንድ ቀን እንኳ ጨምራለች።

ስለ እጄ የተናገረችው ግን የቫርኒሽ ነገር አይደለም። እሱን ማንም አልጻፈላትም፤ ከራሷ ነው ያመጣችው። ሳጸዳ የከረምኩት ይህን እያመላለስኩ ነው። ጥጥ በቀጭን እንጨት ላይ እጠቀልላለሁ፣ ቫርኒሹን የሚያሟሟውን ተርፔንታይን አስነካዋለሁ፣ ሳላሽ በላዩ አንከባልለዋለሁ። አሮጌው ቫርኒሽ ከነቀይ ጠጉሩ ወደ ጥጡ ይመጣል። ጥጡን እጥላለሁ፣ ሌላ እጠቀልላለሁ። ከአገጯ ስጀምር እሷ ናት የበደለችኝ እላለሁ፤ ግንባሯ ላይ ስደርስ እኔ ነኝ እላለሁ። ትከሻዋ ላይ ስደርስ ደግሞ ሁለት በደል ነው፣ አንዱ አንዱን አይሰርዘውም እላለሁ። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ከግራ ጉንጯ ላይ የከፋዩ ቀለም ትንሽ ዘልቆ ነበር፤ እሱን አልነካሁትም። ያምርባታል። የልጁን ጣት በውሃ ቀለም ሞላሁት፣ ወደፊት የሚፈልግ እንዲያነሳው።

በመሀል ሊቀመንበሯ ደወለች።

«አነበብሽው?»

«ገና አላዞርኳትም» አልኩ።

«አትቸኩዪ። እኔ ጊዜ ባይኖረኝም አትቸኩዪ።» ከዚያ፣ «እጅሽ ደህና ነው? ተርፔንታይኑ አይልጠውም?» አለችኝ።

«ለምዶታል» ብዬ ዘጋሁት።

አዲሱን ዳማር ሁለት ጊዜ፣ በስሱ፣ ከአጎበሩ ሥር ቀባሁ። ላዩ ሲረጋልኝ አቁሜ አዞርኳትና ከአሮጌው መስመር በታች አዲሱን ጻፍኩ፤ ታጠበች፣ ተቀባች፣ ቀኑ፣ ለአርባ ቀን አይሸፈን። ሁለቱ መስመሮች ተፋጠጡ። ላዩ ሰባት፣ ታቹ አርባ። ማንም ሰው ቢያያቸው አንዲት ሴት አንድ ጊዜ እንደተሳሳተች፣ ሌላ ጊዜ እንደተማረች ይገባዋል። ይህ አሳፋሪ ነገር አይደለም። ሽማግሌው ቢሆን ይስቅ ነበር።

እኔ ግን ጫማዬን አሰብኩ።

ላጲስ ወስጄ ሰባት የሚለውን ቃል አጠፋሁ። በዚያው ዓይነት ጠንካራ እርሳስ በቦታው አርባ ብዬ ጻፍኩ። አዲስነቱ እንዳይታወቅ ከጣውላው ጥግ አቧራ በጣቴ አንስቼ አሸሁበት። ከዚያ እጄን ታጠብኩ።

ሥዕሏ በገባችበት ቀን ከበሩ አልፌ ገባሁ፤ ወደ ፊት ቆምኩ። አራት ሰዎች ሥዕሏን ይዘው ዘወር አደረጓት። አባ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። አርባ፣ አርባ። ሊቀመንበሯ በከዘራዋ ተነሳች። «ሰባት ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ» አለች። «ተሳስቻለሁ። ስለ እጇም ያልኩት ከእፍረቴ የተነሳ ነው። ይቅር በሉኝ። አንቺም እቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ እትዬ» አልኳት።

ስንወጣ ጫማዬን ፈልጋ አቀበለችኝ። ተቀበልኳት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሃያ አንድ ከእሷ ጎን እቆማለሁ። አልነገርኳትም።

አርባው ቀን ሲሞላ ሄጄ ቫርኒሹን በጣቴ ጀርባ ነካሁት። ደርቋል። መጋረጃዋን ከሥዕሉ አንድ ስንዝር አርቄ ሰቀልኩላት።